«ተመስገን በይ» ሲሏቸው ለሚከፋቸው እናት

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ የመጣው ከአዲስ አበባ ነው። ረዘም ያለ ስለሆነ ዋናውን ሐሳብ አሳጥሬ አቅርቤዋለሁ።

«ዕድሜዬ 72 ነው። ጡረታ የወጣሁ ነርስ ነኝ፤ የሚያውቁኝ ሁሉ እስካሁን "ሲስተር" ነው የሚሉኝ። ባለቤቴ ካረፈ ቆይቷል። ካዛንቺስ ነበር የምኖረው። ሰፈራችን ሲፈርስ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ደረሰኝ። ቤቱ ንጹሕ ነው፣ ጣሪያው አያፈስም፣ መጸዳጃ ቤቱም የራሴ ነው። ግን አራተኛ ፎቅ ነው፣ ጉልበቴን ደግሞ ያመኛል። ቅዳሴ መሄድ እንኳ ቀንሻለሁ። ቡና እንጠጣ የነበርነው ጎረቤታሞች በየአቅጣጫው ተበትነናል። ልጄ አሜሪካ ናት፤ በየወሩ ብር ትልክልኛለች፣ እሁድ እሁድ ትደውላለች። ገና ማማረር ስጀምር "እማዬ፣ ተመስገን በይ እንጂ! ስንቱ ጎዳና ላይ ወድቋል" ትለኛለች። በቀደም ደግሞ በሰው እጅ የሚያምር ደብተር ላከችልኝ፤ የማመሰግንባቸውን አምስት ነገሮች በየቀኑ እንድጽፍ። ጥቂት ቀን ጻፍኩ። ልጄ፣ ጤናዬ፣ ቤቴ። በማግስቱም ልጄ፣ ጤናዬ፣ ቤቴ። ሰለቸኝና ተውኩት። ከእኛ በታች ካለው ፎቅ አንድ ወጣት አለ፤ ውኃ በጠፋ ቁጥር ጀሪካን ተሸክሞ ያወጣልኛል። ብር ስሰጠው እምቢ ይላል። እውነቱን ልንገርዎትና እሱን ሳየው ከማመስገን ይልቅ አፍራለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ስረዳ ኖሬ በእርጅናዬ ምስጋና ቢስ ሆንኩ ማለት ነው?»

ሲስተር፣ እኔም በለመዱት ስም ልጥራዎት።

አልሆኑም። ደብዳቤዎን መልሰው ያንብቡት። ስለ ጉልበትዎና ስለ ደረጃው ከማንሳትዎ በፊት የጻፉት ቤቱ ንጹሕ መሆኑን፣ ጣሪያው አለማፍሰሱን ነው። ማንም አላዘዘዎትም። ካዛንቺስ እያሉ ማታ ማታ ደብተር ይዞ የሚያመሰግን ሰው አልነበረም፤ አያስፈልግምም ነበር። ቡናው እስኪፈላ «ትናንት ያ ልጅሽ ባይደርስልኝ ምን ይውጠኝ ነበር» ትባባላላችሁ፤ የአንዷ ውለታ በሌላዋ አፍ ይነገራል፤ አቦሉም ሳይጠጣ ሦስትና አራት ሰው ተመስግኖ፣ ሁለት ሰው ታምቶ ያልቃል። ጎረቤቱ ሲበተን ይህም ልማድ አብሮ ተበተነ። የቀረብዎት ምስጋናውን የሚናገሩበት ሰው ነው።

ወደ ልጅዎ ልምጣ። «ተመስገን» ታሞ ከተነሣ ሰው፣ ልጁ በሰላም ከገባለት ሰው አፍ ሲወጣ ደስ የሚል ቃል ነው። ችግሩን ሊያወራ አፉን ለከፈተ ሰው ሌላው ሲያዝዘው ግን ጨዋ ዝም ማሰኛ ይሆናል። ምን ብለው ይመልሱለታል? «አልልም» ቢሉ ከፈጣሪ ጋር የተጣሉ ይመስላል፤ «ተመስገን» ቢሉ ወሬው እዚያው ላይ ይቋረጣል፤ ጉልበትዎም ሳይወራለት ያድራል። ቅዳሴ የሚያስቀድሱ ሰው ስለሆኑ ይህን አይስቱትም፦ ዳዊት «እስከ መቼ ትረሳኛለህ?» ብሎ የጀመረው መዝሙር የሚያልቀው በምስጋና ነው። ግን በቅሬታው በኩል አልፎ ነው እዚያ የደረሰው፤ ማንም መሐል ገብቶ አላቋረጠውም።

የጎዳናው ነገርም አልተዋጠልኝም። በሌላው ሰው መከራ የሚለካ ምስጋና መጥፎ ሚዛን አለው። ጎዳና ላይ ያለው ሰው ነገ ቤት ቢያገኝ የእርስዎ ምስጋና ሊቀንስ ነው? ደግሞም እሱ ወደቀ ተብሎ የእርስዎ ደረጃ አንድ እርከን አይጎድልም።

ልጅዎን ክፉ አድርጌ እየሳልኳት አይደለም። ከባሕር ማዶ ሆና ደረጃውን ልትወጣልዎት አትችልም፤ ጀሪካኑን ልትሸከምልዎት አትችልም። የማይረዱትን ችግር መስማት ከባድ ነው። «ተመስገን በይ» የምትለው ለእርስዎ ብቻ ብላ አይመስለኝም፤ ለራሷም መጽናኛ ፈልጋ ነው።

ወደ ምክሬ ከመግባቴ በፊት ግን አንድ ነገር፣ በሙያዎ ስለሚያውቁት ባጭሩ። ከሁለት ሳምንት በላይ ምንም ነገር ደስ የማያሰኝዎት፣ ሌሊት ነቅተው የሚያድሩ፣ ምግብ ያስጠላዎት፣ ከአልጋ መነሣት የሚከብድዎት ከሆነ ይህ የጠባይ ጉዳይ አይደለም። በአዛውንት ላይ የሚወርድ ድብርት «እርጅና ነው» እየተባለ ስንቱን ያለ ሕክምና እንዳስቀረ ከእኔ ይልቅ እርስዎ አይተዋል። የእንቅርት ዕጢ ሥራ ማነስ፣ የደም ማነስ፣ የአንዳንድ መድኃኒቶች ጠባይም እንዲሁ ሰው ያደበዝዛል። ጤና ጣቢያ ሄደው ይታዩ። ለሕመም ደብተር አይታዘዝም።

አሁን ስለ ደብተሩ። አሠራሩ ከንቱ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 ሮበርት ኤመንስና ማይክል ማከላ የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ተማሪዎችን በሳምንት አንድ ጊዜ እስከ አምስት የሚያመሰግኑባቸውን ነገሮች አስጻፏቸው፤ ለ10 ሳምንታት። ሌሎቹ ያስመረራቸውን እንዲጽፉ ተደረገ። ምስጋናውን የጻፉት ስለ ኑሯቸው የተሻለ ስሜት ነበራቸው። የጡንቻና የነርቭ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ደግሞ ለ21 ቀን በየቀኑ ጽፈው ስሜታቸውም እንቅልፋቸውም ተሻሽሎ ተገኝቷል። ነገር ግን በካሊፎርኒያ የምትሠራው ሶንያ ሉቦሚርስኪ በሳምንት አንዴ የሚጽፉትንና ሦስቴ የሚጽፉትን ስታነጻጽር ለውጥ ያየችው አንዴ በሚጽፉት ላይ ነው። ሲደጋገም ይሰለቻል፤ የእርስዎም ደብተር ያጋጠመው ይኸው ነው። እንግዲህ የመጀመሪያው ምክሬ ቀላል ነው፦ በየቀኑ መጻፉን ይተውት፤ ለልጅዎም «በአንድ ጥናት ለውጥ የታየው በሳምንት አንዴ በሚጽፉት ላይ ነው» ይበሏት።

መሰልቸቱ ግን ከድግግሞሹ ብቻ የመጣ አይመስለኝም። «ልጄ፣ ጤናዬ፣ ቤቴ» የንብረት መዝገብ ነው፤ ያለዎትን ነው የቆጠሩት። ያለ ነገር ከቀን ቀን አይለወጥም፤ ስለዚህ ዝርዝሩም አይለወጥም። በቤተ ክርስቲያን የሚደርሰውን ጸሎተ አኰቴት ያስታውሱ። በጎ ነገርን ያደረገልንን እናመስግን ብሎ ይጀምርና ወዲያው ሥራውን ይዘረዝራል፦ ሰውሮናልና፣ ረድቶናልና፣ ጠብቆናልና፣ አቅርቦናልና፣ ተቀብሎናልና፣ አጽንቶናልና፣ እስከዚችም ሰዓት አድርሶናልና። ቤት፣ ጤና፣ ልጅ የሚል የለበትም። ሁሉም የተደረገ ነገር ነው። ካዛንቺስ ሙስሊም ጎረቤት ከነበሩዎትም «አልሐምዱሊላህ» ካሉ በኋላ ዝም አይሉም ነበር፤ ማን መጣ፣ ማን ጠየቀን፣ ማን ምን ይዞ ገባ ብለው ይቀጥሉ ነበር ብዬ እገምታለሁ። እናቶቻችን እንደዚያ ናቸው።

እርስዎም ያለዎትን መቁጠር ይተዉና የተደረገልዎትን ይቁጠሩ። ማክሰኞ ጠዋት ማን ምን አደረገ? የታክሲው ረዳት «እማማ ቀስ ይበሉ» ብሎ እጅዎን ያዘ? ፋርማሲ ውስጥ ያለችው ልጅ የመድኃኒቱን አወሳሰድ በትልቁ ጻፈችልዎት? ዓይንዎ ሞራ ከጀመረውና መጻፍ ካስቸገረዎት በቴሌግራም ድምፅዎን ቀድተው ለልጅዎ ይላኩላት። ከቻሉ ደግሞ «ለምን ሆነ?» ብለው ይጨምሩበት። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ማርቲን ሴሊግማን እ.ኤ.አ. በ2005 ከባልደረቦቹ ጋር ባደረገው ጥናት ሰዎቹ ማታ ማታ ለአንድ ሳምንት ሦስት በጎ ነገር ከነምክንያቱ ሲጽፉ ቆይተው፣ ጥቅሙ እስከ ስድስት ወር ድረስ ታይቷል። ምክንያቱን መጠየቅ ከነገሩ ጀርባ ያለውን ሰው ያወጣልዎታል። ልጅቷ በትልቁ የጻፈችው እናቷም ዓይኗን ስለሚያማት ይሆናል። መቼም ሳይጠይቁ አይታወቅም፤ ሲጠይቁ ደግሞ ወዳጅ ተገኘ ማለት ነው።

አሁን ጀሪካን ወደሚያወጣልዎት ልጅ ልለፍ። የደብዳቤዎ ልብ ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ማፈርዎ አይገርመኝም። ሲሰጥ የኖረ እጅ መቀበል አይለምድለትም። «እርጅና ብቻህን ና» የሚባለው ያለ ነገር አይደለም፤ እርጅና የሰው እጅ ማየትን ይዞ ይመጣል፤ ለኩሩ ሰው ከጉልበት ሕመም የሚብሰውም እሱ ነው። ግን እስቲ ወደ ሥራ ዘመንዎ ይመለሱ። ሌሊት ተረኛ ሆነው የተንከባከቡት በሽተኛ ሲወጣ እጅዎን ይዞ «ዕድሜ ይስጥሽ፣ ልጆችሽን ይባርክልሽ» ያለዎትን ያስታውሳሉ? እርግጠኛ ነኝ ያስታውሳሉ። ያ ሰው ብር ከኪሱ አውጥቶ ቢዘረጋልዎት ኖሮ ግን ይከፋዎት ነበር። ወጣቱም እምቢ የሚለው ለዚያ ነው። ብሩ ነገሩን ወደ ሥራና ደመወዝ ያወርድበታል። እሱ እናት ረዳሁ ብሎ ነው የሚያስበው።

ታዲያ በምን ይመልሱለት? በምርቃት። ሲስተር፣ በእኛ አገር ምርቃት የአዛውንት ሀብት ነው፤ ሃያ ዓመት የሞላው ልጅ ምንም ገንዘብ ቢኖረው ራሱን ሊመርቅ አይችልም። ነገር ግን እንደ ሰላምታ በጥድፊያ «እደግ፣ ተመንደግ» ብለው አያሳልፉት። ቆም ይበሉ። ስሙን፣ የእናቱን ስም፣ ምን እንደሚሠራ ወይም እንደሚማር ይጠይቁት። ከዚያ በሠራው ሥራ ልክ ይመርቁት፦ «የወጣህልኝ ደረጃ ሁሉ ማዕረግ ይሁንህ፤ ይህን ጉልበትህን አይንሣህ፤ ያሰብከው ፈተና ይቅናህ።» ልጁ ይህን ይዞ ወደ ቤቱ ሲገባ ምን እንደሚሆን ያያሉ። የእርስዎም ማፈር የሚቀልልዎት ያኔ ነው፤ ሰጥቶ የሄደ ሰው ብቻ ሳይሆን ተቀብሎም የሄደ ሰው ይሆናልና።

ከዚህ ሌላ እርስዎ የሚሰጡት ነገር አለ። የደም ግፊት መለኪያ ቤት ውስጥ ካለዎት የልጁን እናት ቡና ይጥሯትና ግፊቷን ይለኩላት። በአንድ ሕንፃ ውስጥ ግፊቱን ሳያውቅ የሚኖር ስንት ሰው እንዳለ ይገርምዎታል። ሰው ሲያመሰግንዎት መስማትም ያስፈልግዎታል፤ ጡረታ የወሰደብዎት አንዱ ነገር እሱ ነው፤ ማንም ግን ቆጥሮት አያውቅም። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ፦ ወሬው ሲሰማ መርፌ ይውጉልኝ የሚል ይመጣል። ወደ ጤና ጣቢያ ይላኩት፤ ቤትዎ ክሊኒክ እንዳይሆን።

ስለ ነርሶች ካነሳሁ አይቀር፣ የሙያ ባልደረቦችዎን የሚመለከት ጥናት አለ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ ነርሶችን እየተከታተለ ያለ ትልቅ ጥናት አለ። በ2016 ከተሳታፊዎቹ 49,275 አዛውንት ሴቶች ስለ ምስጋና አጭር መጠይቅ ሞሉ፤ አማካይ ዕድሜያቸው 79 ነበር። እስከ 2019 መጨረሻ ሲከታተሏቸው፣ ከፍተኛ የምስጋና መንፈስ ያላቸው ዝቅተኛ ካላቸው ጋር ሲነጻጸሩ የመሞት ዕድላቸው በ9 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ውጤቱ የወጣው በ2024 ነው። ይህን ሰምቶ «ካላመሰገንሽ ትሞቻለሽ» የሚል እንዳይመጣብዎት እፈራለሁ፤ ጥናቱ ምስጋናው ዕድሜ ጨመረ ብሎ አያረጋግጥም፤ ጤናው የተሻለ ሰው ማመስገኑም ይቀለዋል፤ ተመራማሪዎቹ የቀድሞ ጤናቸውን በሒሳቡ ውስጥ ቢያስገቡም። ሴቶቹም አብዛኞቹ ነጮችና ኑሯቸው ደህና የሆነ ነበሩ። እኔን የሳበኝ ከመጠይቁ አንዱ ዓረፍተ ነገር ነው፦ ዕድሜዬ በገፋ ቁጥር በሕይወቴ ያለፉትን ሰዎችና ነገሮች ይበልጥ እያደነቅሁ መጥቻለሁ ወይ ይላል። ይህን እርስዎም ይጠየቁ። በነርስነት ዘመንዎ ሥራውን እጅዎን ይዛ ያስተማረችዎት አለቃ፣ በወሊድ ጊዜ ተረኝነትዎን የሸፈነችልዎት ጓደኛ፣ በሕይወት ያለች ካለች ስልኳን ይፈልጉ። «ያን ጊዜ ያደረግሽልኝን አልነገርኩሽም» ብለው ይጀምሩ። ቀደም ብዬ በጠቀስኩት የሴሊግማን ጥናት እንዲህ ያለ የምስጋና ጉብኝት ከሁሉም የበለጠ ደስታ ሰጥቷል፤ ደስታው ግን በጥቂት ወራት ውስጥ ይበርዳል፤ ስለዚህ አንዴ አድርገው አይጨርሱት፤ ከበዓል በፊት አንድ ሰው እያሉ ይቀጥሉ። ያረፈች ከሆነ ልጇን ይፈልጉ። ሟች እናቱ ለሰው ምን እንዳደረገች የሚሰማ ልጅ ለቅሶ ላይ ብቻ መስማት የለበትም።

ደግሞ ማመስገን ማለት መጠየቅ የሚገባውን ዝም ማለት አይደለም። አራተኛ ፎቅ ለታመመ ጉልበት አይሆንም፤ ይህ ማማረር አይደለም። ደንቡ የሚፈቅድ ከሆነ ከታች ፎቅ ካለ ቤተሰብ ጋር መቀያየር ይቻል እንደሆነ ከሕንፃው ኮሚቴ ይጠይቁ። ልጅዎም ከአሜሪካ ሆና መርዳት የምትችለው ነገር ይህ ነውና ሥራውን ይስጧት፤ ትደውል፣ ሰው ትላክ፣ ታጣራ። የድሮ እድርዎ ካልፈረሰ መዋጮውን አያቋርጡ፤ የአዲሱን ሰፈር እድርም ገብተው ይዩት፤ ሁለት እድር ያላቸው ብዙ ናቸው።

በሚቀጥለው እሁድ ልጅዎ ስትደውል ውል ይግቡ። «መጀመሪያ አሥር ደቂቃ አማርራለሁ፤ "ተመስገን በይ" አትበይኝ፤ ሰምተሽ ብቻ "አይዞሽ" በይኝ። ከዚያ በሳምንቱ የተደረገልኝን አንድ ነገር እነግርሻለሁ፤ አንቺም የተደረገልሽን ትነግሪኛለሽ» ይበሏት። እሷም ከባድ ቀን ይኖራታል፤ እናቷ ዘንድ ማማረር የምትችልበት በር የተዘጋባት ለእርስዎ ብላ ሊሆን ይችላል።

ለመጀመሪያው እሁድ ከእሷው ይጀምሩ። ብሩን ግን አያንሱት። ውጭ ያለ ልጅ ሁሌ የሚሰማው «ደርሶኛል» የሚለውን ነው፤ እሱም ከሚቀጥለው ወር ጉዳይ ጋር ተያይዞ ይመጣል። ይልቅስ በልጅነቷ ያደረገችውን፣ አባቷ ታሞ በነበረ ጊዜ የሠራችውን፣ ወይም ባለፈው ሳምንት ድምፅዎ ደክሞ ሰምታ ሁለተኛ የደወለችውን ያንሱላት። አንድ ነገር፣ በዝርዝር።

ከፈለጉ ይህንንም መልስ ያንብቡላት። ስለ ጎዳናው ያልኩት ላይ ስትደርሱ ትንሽ ትቆጣ ይሆናል፤ እኔ ነኝ ያልኩት ይበሏት።